ባለበት ይቆይ የተባለው ግድግዳ

ከአፌ ከወጡት ቃላት ሁሉ አንዱን ብቻ መልሰህ ዋጥ ብባል፣ ለጎረቤቴ «የኔ ነው» ያልኳትን እመርጣለሁ። በእጮኝነት ዘመን ለባለቤቴ የገባሁላት ቃል አለ፤ በመምህራን ስብሰባ ላይ ለርዕሰ መምህሩ የሰጠሁት መልስ አለ፤ እነሱ እንዳሉ ይሁኑ፣ ከእነሱ ጋር መኖር ለምጃለሁ። ይቺ ግን ቤቴን ወንፊት አድርጋው ነበር። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ ብቸና ላይ የዜግነት ትምህርት አስተማሪ ነኝ። መብትና ግዴታ የሚለውን ምዕራፍ ሳስተምር ጠመኔ እስኪሰበር ድረስ ሰሌዳውን እመታለሁ። ስለ ሕግ የበላይነት ስናገር የኋላ ወንበር ላይ የሚተኙት ተማሪዎች እንኳ ይነቃሉ፤ ነቅተውም ሰዓት ያያሉ። ታዲያ በእኔ ሳሎንና በጎረቤቴ መኝታ ቤት መካከል ስላለው የጭቃ ግድግዳ ሕጉ ምን ይላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖሮ፣ «ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ እገላገላችሁ ነበር። መጣ።

የነገሩ መነሻ የአማቴ ጣት ነው። ባለቤቴ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጃችንን እናቷ ቤት ሄዳ ሞጣ እንድትወልድ ተስማምተን፣ ወሯ ሲገባ አማቴ እማማ ጥሩዬ ሊወስዷት መጡ። እማማ ጥሩዬ ቀጭን፣ ቀልጣፋና ጥቂት ተናጋሪ ናቸው፤ ጥቂቱ ግን ይበቃል። ምሳ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ ተነሡና ሳሎኑን አንድ ጊዜ ዞሩት። ከዚያ ሌባ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ ጫን አደረጉት። ጣታቸው ገባ። አወጡትና ቀዳዳውን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

«ይኼ ግድግዳ ነው ወይስ ሽሮ?» አሉ።

ክረምቱ ግድግዳውን እንዳበሰበሰው አላውቅም አልልም። አውቄ ነው ቁም ሣጥኑን አስጠግቼ የሸፈንኩት። እማማ ጥሩዬ ግን ቁም ሣጥን በሌለበት በኩል ነኩት፤ እንዲህ ያለው ዕድል ለእኔ ብቻ ነው የሚገጥመው።

በሩ ላይ ሲደርሱ ፍርዳቸውን አሰሙኝ። ትርንጎ ወልዳ ስትበረታ ግድግዳው ግድግዳ ሆኖ ከጠበቃት፣ ልጁ ክርስትና የሚነሣው ብቸና ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ይዘዋቸው ይመጣሉ። ካልሆነ ክርስትናውም ሞጣ ይሆናል፣ ልጁም እዚያው ጥርስ ያበቅላል፣ እዚያው ዳዴ ይላል፤ አባት ተብዬው ሲናፍቀው በሚኒባስ እየመጣ ያየዋል። «አራስ እርጥብ ግድግዳ ሥር አላስተኛም» ብለው ልጃቸውን ይዘውብኝ ሄዱ።

ሴት ልጅ ተወለደችልን። አንድ ቅዳሜ በደብረ ወርቅ በኩል ስንገጫገጭ ሞጣ ደረስኩና አቀፍኳት። ጣቴን ይዛ አልለቅ አለችኝ፤ እኔም የመመለሻው ሚኒባስ ጥሎኝ እስኪሄድ ድረስ አላስለቀቅኳትም። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ ያቺን ልጅ እዚያ ትቼ መኖር እንደማልችል ያን ቀን ገባኝ።

አልችልም ብዬ ግን ዶማ አላነሣሁም። ወንድ ቢሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነበር፤ ሴት ናትና በሰማንያ ነው። አርባ ቀን ተጨመረልኝ አልኩና የመጀመሪያዎቹን አርባ ቀናት በዚሁ ደስታ ጨረስኳቸው።

ስለ ቤቱ ትንሽ ልናገር። ድሮ አንድ ቤት ነበር። ሁለት ወንድማማቾች ከአባታቸው ወረሱትና መሃሉ ላይ ግድግዳ አቁመው ለሁለት ከፈሉት። አንዱ ድርሻውን ለአያ ጥጋቡ ሸጠ፤ ሌላው ከብዙ ዓመት በኋላ ለእኔ ሸጠልኝ። ጣሪያው አንድ፣ መሃል ግድግዳው አንድ፣ ባለቤቱ ሁለት ሆነ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብሎ የተረተው ሰው ጎረቤቱ ማመልከቻ ጸሐፊ አልነበረም መሰለኝ።

አያ ጥጋቡ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚህ አገር በእሳቸው ብዕር ያልተከሰሰ ሰው ቢኖር ወይ ሕፃን ነው ወይ መንገደኛ ነው። አንድ ጊዜ ለባልም ለሚስትም ለየብቻ ጽፈው ሁለቱም እንደተረቱ ይነገራል። ባለቤታቸው እትየ ስንዱ ደግሞ ከባላቸው ንግግር ግማሹን የማይሰሙ፣ የሰሙትንም ግማሽ የሚተዉ ሴት ናቸው። በሰላም የኖሩት በዚህ ይመስለኛል።

በአርባ አንደኛው ቀን ዶማ አነሣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ የበሰበሰውን ጭቃ አራግፌ እንደገና መመረግ። ለጎረቤት መንገር የሚባል ነገር በሐሳቤ አልመጣም። የራሴን ሳሎን ነው የማድሰው፤ ለምን እነግራለሁ? አንድ መታሁ፣ ሁለት መታሁ። በሦስተኛው አንድ የጭቃ ጉማጅ ወደዚህ እንደመውደቅ ገፋ ብሎ ወደዚያ ወደቀ። በዚያ በኩል የአያ ጥጋቡ አልጋ ነበር። አልጋው ላይ ደግሞ ከምሳ በኋላ ጋደም ያሉት አያ ጥጋቡ ነበሩ።

«በሕግ አምላክ» አለ አንድ ድምፅ፣ ጮክ ሳይል።

በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃም ይቆማል ሲባል ሰምታችኋል። እኔም ዶማዬን ከራሴ በላይ እንዳነሣሁ ቆምኩ። አያ ጥጋቡ ግድግዳውን የሚያፈርሰው ማን እንደሆነ ጠየቁ። እኔ መሆኔን፣ ማፍረስም ሳይሆን ማደስ መሆኑን ተናገርኩ።

«የማንን ግድግዳ?» አሉኝ።

እስቲ እዚህ ላይ አብረን እንቁም። ልባም ሰው ቢሆን «የጋራችንን ነዋ፣ ይቅርታ አያ ጥጋቡ፣ ሳልነግርዎት ጀመርኩት» ብሎ ዶማውን ያወርድ ነበር። እኔ ግን ክንዴ ዝሎ ይንቀጠቀጣል፤ የክፍል ተማሪ ፊት የተጠየቅሁ ይመስል ደረቴ ተነፋ፤ ከዚያም «የኔ ነው» አልኩ። ከወዲያ በኩል ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ።

በማግስቱ ጠዋት አያ ጥጋቡ ሰላምታዬን አልተቀበሉኝም። በዚያ መንደር የታወቁት ሽማግሌ አናጢ አያ ደምሴ ነገሩን ሰምተው ሊያስታርቁን መጡ። ወንድማማቾቹ ያንን ግድግዳ ሲያቆሙ በጉልምስናቸው አብረው የሠሩ ሰው ናቸው። ግራ ቀኙን ካዩ በኋላ የአናጢ ምክር ሰጡን፤ ማገር የሚያስር ሰው ሁልጊዜ የልጡን ቋጠሮ ወደ ራሱ ነው የሚያዞረው፤ ስለዚህ ቋጠሮው ወደ ማን ቤት እንደዞረ ብታዩ ግድግዳውን ማን እንዳቆመው ታውቃላችሁ፤ ያኔ ትስማማላችሁ። ይህን ብለው መርቀውን ሄዱ። ምነው አብረውን ቢቆዩ!

ገና ከግቢው ሳይርቁ ሁለታችንም በየበኩላችን ግድግዳውን መላጥ ጀመርን። እሳቸው በቢላዋ፣ እኔ በዶማ። ማፍረስ አይደለም ይህ፤ ማስረጃ መፈለግ ነው። እሳቸው አንድ ክንድ ሲልጡ እኔ ሁለት እልጣለሁ፤ የእኔን ዶማ ሲሰሙ እሳቸውም ያፋጥናሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጭቃው አለቀና ከወዲያና ከወዲህ ዓይን ለዓይን ተያየን። በመካከላችን የቀረው የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ብቻ ነው። የአያ ጥጋቡ መነጽር በአቧራ ተሸፍኗል፤ እኔም መቼም አምሮብኝ አልነበረም።

ቋጠሮዎቹ ደግሞ ግማሹ ወደ እኔ፣ ግማሹ ወደ እሳቸው ነበሩ። ኋላ አያ ደምሴ አስታወሱት፤ ለካ ወንድማማቾቹ ግድግዳውን ያቆሙት በደቦ ነው፤ የታላቁ ሰዎች በወዲያ፣ የታናሹ ሰዎች በወዲህ ሆነው ሁሉም ወደ ራሱ እየቋጠረ። ያን ቀን ግን ይህን ማን አስቦ? እኔ ወደ እኔ የዞሩትን ብቻ ቆጠርኩ። አያ ጥጋቡም ወደ እሳቸው የዞሩትን ብቻ ቆጠሩ። ሁለታችንም አሸንፈን ገባን።

ክሱ ብዙ አልቆየም። ከክሱ ጋር እግድ መጣ፤ ክርክሩ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ አከራካሪው ግድግዳ ባለበት ይቆይ ይላል። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሳሎን ዞርኩ። ባለበት ይቆይ የተባለው ግድግዳ የለም። ያለው አጥንቱ ነው፤ እሱን መንካት ተከለከልኩ። ቀጠሮውን አየሁ፤ የልጄ ሰማንያ ቀን ካለፈ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የግንባታ ክፍል ባለሙያዋ ሀያት ትባላለች፤ ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ፈገግታዋ ቶሎ የማይጠፋ ልጅ ናት። ታሪኬን በሙሉ ሰማችኝ፤ ቋጠሮው ላይ ስደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከዚያ ደንቡን አስረዳችኝ። ሁለት ቤት የሚለይ ግድግዳ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ የሁለቱ ጎረቤቶች የጋራ ሀብት ነው ተብሎ ይገመታል። አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ አይበሳውም፣ ከፍ አያደርገውም፣ አያፈርሰውም። ሲያረጅ ደግሞ ሁለቱም ተባብረው ያድሱታል።

«ታዲያ መምህር፣ መጀመሪያውኑ የጋራችን ነው ብለው ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ወረቀትና ሁለት ፊርማ ነበር» አለችኝ። «ከዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጨርሰን እንለያይ ነበር።»

አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። ዘጠነኛ ክፍል ቢሆን ለራሴ የምሰጠውን ውጤት አውቃለሁ።

ቤት ገብቼ በማገሩ መሃል አያ ጥጋቡን ጠራሁና ግድግዳው የጋራችን መሆኑን ማመኔን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ይህን ለዳኛ እንድናገር መከሩኝ። እንደምንም ብለው ክሱን ቢያነሡልኝስ ብዬ ስለምናቸው፣ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች የሚለውን ተረት ነገሩኝ። እሳቸው በዕድሜያቸው ብዙ ክስ ጽፈዋል፤ ክስ ማንሻ ግን አንድም ቀን በራሳቸው ስም አልጻፉም። አሁን በስተርጅና ስማቸውን አያበላሹም።

እንዲህ ሆነን መኖር ጀመርን። ሰው በግድግዳ ተሸፍኖ ሲኖር ራሱን ጨዋ አድርጎ ያስባል። ግድግዳው ሲወልቅ ግን አንድ ካልሲ ለሦስት ቀን እንደማደርግ እትየ ስንዱ አወቁ፤ እኔም አያ ጥጋቡ ጫማ ሲያደርጉ ጫማቸውን እንደሚሳደቡ አወቅሁ። አንሶላ ልጋርድ ብዬ ሚስማር ሳነሣ «በሕግ አምላክ» ተባልኩ፤ ሚስማር መምታት እግድ መጣስ ነው። አንሶላውን በእጄ ይዤ መቆም ግን አልተከለከለም። ሩብ ሰዓት ያህል ይዤው ቆምኩና ደከመኝ።

የእትየ ስንዱ ዶሮ እግድ የሚባል ነገር አታውቅም። በማገሩ መሃል ሾልካ መጥታ አልጋዬ ሥር እንቁላል ጣለች። እንቁላሉን በዚያው ቀዳዳ ብመልስላቸው አያ ጥጋቡ ወረቀት አወጡና አስረካቢ፣ ተረካቢ ተባብለን ተፈራረምን። የነገውን ትምህርት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለማመድ ደግሞ «ሁለተኛው ነጥብ ላይ ተሳስተሃል» ይሉኛል፣ ቀና እንኳ ሳይሉ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ እሳቸው እንዳሉት አስተማርኩ። ልክ ነበሩ፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ብቻዬን ደረቅ ዳቦ ስገምጥ ያዩት እትየ ስንዱ ግን አንጀታቸው አልቻለም። በየምሳው ትኩስ ወጥና እንጀራ በሳህን አድርገው በማገሩ ያቀብሉኝ ጀመር። ባላቸው ቀና ብለው ቢያዩዋቸው፣ የተከሳሽን ሆድ እግዱ እንደማይመለከተው ነገሯቸው። ከሳሼ ዘንድ የበሰለ ወጥ እየበላሁ ለክሱ መልስ ጻፍኩ። መልሱን ስጽፍ አንድ ቃል አልመጣልኝ ብሎ ጮክ ብዬ ባስብ፣ ቃሉን የነገሩኝ አያ ጥጋቡ ናቸው።

የከፋው ስልኩ ነበር። ትርንጎ በየቀኑ ትደውላለች፤ ልጅቱ ዛሬ ሳቀች፣ ዛሬ እጇን በላች እያለች ትነግረኛለች። ቀጥሎ ግድግዳው የት እንደደረሰ ትጠይቀኛለች። «አልቋል» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ በእርግጥም አልቆ ነበር። ከወዲያ በኩል አያ ጥጋቡ ሳሉ። ትርንጎ እንዴት ሆነ፣ ያምራል ወይ ብትለኝ «ብርሃን ያስገባል» አልኳት። እንደገና ሳሉ። ጉንፋን ይዞህ ነው ወይ አለችኝ፤ ጎረቤት ነው አልኩ። ግድግዳው እንዲህ አልቆ ጎረቤቱ እንዴት ይሰማል አለች። ልጅ ወልዳም አእምሮዋ እንደተሳለ ነው። ስልኩን ዘግቼ የቀሩኝን ቀኖች በጣቴ ስቆጥራቸው ሁለት እጅ እንኳ አልሞሉልኝም።

በሰባ ሁለተኛው ቀን እማማ ጥሩዬ ሳይነግሩኝ መጡ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ለካ ትርንጎ የጎረቤቱን ሳል ነግራቸው ኖሯል። በር ሲንኳኳ ከፈትኩና ሳያቸው፣ ወደ ኋላ ሮጬ እጄን በሁለት በኩል ዘርግቼ ማገሩ ፊት ቆምኩ። የእኔ ደረት ከአምስት ክንድ ግድግዳ ምን ያህሉን ይሸፍናል? በግራዬ በኩል እትየ ስንዱ ሰፌድ ይዘው ምስር ሲለቅሙ፣ በቀኜ በኩል አያ ጥጋቡ ፋይላቸውን ሲያገላብጡ ይታያሉ።

እማማ ጥሩዬ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በትከሻዬ ላይ አሻግረው ለእትየ ስንዱ የእግዜር ሰላምታ ሰጡ። እትየ ስንዱም ሰፌዳቸውን ይዘው ተነሡና ደኅንነታቸውን፣ የአራሷን ደኅንነት፣ የሕፃኗን ደኅንነት ጠየቁ። አማቴ ወንበር እንዳመጣላቸው አዘዙኝና ከማገሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ከዚያ ነገሩን ሁሉ ሰሙ፤ መጀመሪያ ከእኔ፣ ቀጥሎ ከእትየ ስንዱ፣ በመጨረሻም አያ ጥጋቡ ክሱን ከአርእስቱ እስከ ፊርማው አነበቡላቸው። አንብበው ሲጨርሱ እማማ ጥሩዬ አጻጻፉን አደነቁ። አያ ጥጋቡ በሕይወታቸው እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም መሰለኝ።

«እንዴው ስንድዬ» አሉ አማቴ ወደ እትየ ስንዱ ዞረው፣ «የክርስትና ልጅ ስንት አለሽ?»

«ምን አለኝ» አሉ እትየ ስንዱ። «ልጅ አልሰጠኝ። የክርስትና ልጅ እንኳ ልያዝ ብለው ጥጋቡ እንቢ አለኝ። አበልጅ ከያዝን ነገ የምንከሰው ሰው ይቀንሳል ይለኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ።»

ከአበልጅ ጋር ፍርድ ቤት መቆም በእኛ አገር ምን ያህል ነውር እንደሆነ አልነግራችሁም። ወንድም ወንድሙን ይከሳል፣ ልጅ አባቱን ይከሳል፣ ያሳዝናል ግን ያጋጥማል። አበልጁን የከሰሰ ሰው ግን ለቅሶ ሲደርሰው የሚያጽናናው አያገኝም። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ ይህን ያህል ቀን ማገር ሳይ ከርሜ፣ ምንም አልታየኝም። ለአማቴ ግን ወንበራቸው ሳይሞቅ ታያቸው።

«እንግዲያው የእኔን የልጅ ልጅ ክርስትና አንሺልኝ» አሉ።

ትርንጎ ክርስትና እናት እንድትሆን ያሰበቻት አክስቷን ነበር። ይህን ላስታውሳቸው አፌን ስከፍት እማማ ጥሩዬ አዩኝ፤ ዘጋሁት። እትየ ስንዱ እልል አላሉም። ሰፌዱን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ነጠላቸውን ሲያነሡ ዓይናቸው ርሶ ነበር። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ጥጋቡ፣ ሰማህ?»

አያ ጥጋቡ ሰምተዋል። ፋይላቸውን ይዘው ተነሡ። መቃወሚያ የሚያቀርቡበት አጭር ቀጠሮ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። እትየ ስንዱ አይሰጥም አሉ። ያ ውሳኔ ይግባኝ አልነበረውም።

በማግስቱ አያ ጥጋቡ በሕይወታቸው የመጀመሪያ የሆነውን የክስ ማንሻ ጻፉ። አራት ገጽ ነው። እኔ ካየኋቸው ጽሑፎች ሁሉ ያማረ ነው፤ ስለ ጉርብትና ክብር አንድ ሙሉ ገጽ አለው፤ ምክንያት ከሚለው ሥር «ተከሳሽ አበልጄ ሊሆን ሰባት ቀን ስለቀረው» ይላል። እግዱ ተነሣ። ሀያት ዘንድ አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ፊርማ አሳረፍን፤ ፈገግታዋን ያን ቀን ጭራሽ መደበቅ አልቻለችም።

ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተን ሁለት ቀን እንዲብላላ ተውነው። በሰባ ሰባተኛው ቀን አስተማሪ ጓደኞቼ ለደቦ መጡ፤ የፊዚክሱ መምህር ስለ ግፊት ሲያብራራ ሌሎቹ ጭቃ አመላለሱ። እኔ ጓጉቼ ቀድሜ ብቻዬን ብጀምር፣ የመታሁት ጭቃ ሁሉ በማገሩ እያለፈ ወደ ወዲያ ቤት ይወድቅ ጀመር። አያ ደምሴ ሳቁብኝ። የጭቃ ግድግዳ ባንድ ወገን አይመረግም፤ አንዱ ሲመታ ሌላው ከወዲያ በመዳፉ መክቶ ሊይዝለት ይገባል። ስለዚህ አያ ጥጋቡ በወዲያ፣ እኔ በወዲህ ሆነን መዳፍ ለመዳፍ ስንገፋፋ ዋልን።

ሊያልቅ ሲል በመካከላችን ፊት የምታህል ቀዳዳ ብቻ ቀረች። አያ ጥጋቡ በእሷ በኩል ጠሩኝ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «እነዚያ ኮምፒውተር ያላቸው ልጆች ከመጡ ወዲህ አንድ ሰው ዞር ብሎ ጻፍልኝ አላለኝም። ዓመት አለፈኝ። አንተ የኔ ነው ስትል፣ እኔ የተናደድኩ አስመሰልኩ እንጂ፣ እግዜር ሥራ ላከልኝ ብዬ ነው የተነሣሁት።»

ይህን ሁሉ ቀን ክፉ ሰው እያልኩ ሳማቸው ነበር፤ አፈርኩ። ማፈሬንም ነገርኳቸው። አያ ጥጋቡ እጅ ሙሉ ጭቃ አነሡና ይህ ከመዝገብ ውጭ ይያዝልኝ ብለው ቀዳዳዋን ደፈኗት።

በሰባ ዘጠነኛው ቀን ትርንጎና ልጄ ከአማቴ ጋር ከሞጣ መጡ። ልጄ አድጋለች፤ ጉንጯ ሞልቷል፤ እኔን ግን አላወቀችኝም፣ አየችኝና አዛጋች። አማቴ ደጃፉን አለፍ እንዳሉ አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ። እርጥብ ጭቃ ሸተታቸው። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ወፍራምና የሚያምር መሆኑን አምነው፣ መቼ እንደሚደርቅ ጠየቁኝ። ሦስት ሳምንት አልኩ። ሦስት ሳምንት ብለው ደገሙትና ወደ ቦርሳዎቹ አዩ። ሚኒባሱ የመመለሻ መንገደኛ ሲጠራ እስከዚህ ይሰማል።

ያተረፉኝ እትየ ስንዱ ናቸው። የክርስትና ልጃቸው ከእናቷ ጋር እሳቸው ዘንድ ትከርማለች፤ የኋላው ክፍል ከግድግዳው የራቀ ነው፣ ደረቅ ነው፤ ክርስትና እናት ሆነው ይህንን ካላደረጉ ለምን ያነሷታል? እማማ ጥሩዬ ክፍሉን ሄደው አዩት፤ ያዩትን ሁሉ ነኩት፤ እሺ አሉ። በማግስቱ ጠዋት ልጄ ብቸና ላይ ክርስትና ተነሣች። እትየ ስንዱ ሕፃኗን ታቅፈው ከቤተ ክርስቲያኑ ሲወጡ አያ ጥጋቡ ከኋላ ከኋላ ጃኖ ለብሰው፣ ላገኙት ሰው ሁሉ አበልጄ ይህ ነው እያሉ እኔን ያስተዋውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ወዲያኛው ቤት ገቡ። ሚስቴ፣ ልጄ፣ አማቴ። አማቴ አራስ ቤት ወንድ አይበዛም ብለው ጠዋት አንዴ፣ ምሳ ሰዓት አንዴ እንድገባ ፈቀዱልኝ። እኔ ከሰዓት በኋላ ባዶ ሳሎኔ ውስጥ ከግድግዳዬ ጋር ተቀመጥኩ። ልጄ ከእኔ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ አለች። ስታለቅስ ልስማት ብዬ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አስጠጋሁ። ምንም የለም። ትንሽ ጠብቄ ደግሜ አስጠጋሁ። ምንም። ጥሩ ግድግዳ ሠርተናል።

አልቻልኩም። ዞሬ ሄድኩና አያ ጥጋቡን በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። ጆሮዬ ላይ ያለውን ጭቃ ያዩ ይመስለኛል። እዚያ እርጥቡ ግድግዳ ላይ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ጣት የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ ብትኖር ምን ይመስልዎታል አልኳቸው። ድምፅ ብቻ እንድታሳልፍ።

«የጋራ ግድግዳ ነው» አሉኝ። «በቃል አይሆንም። በጽሑፍ አቅርብ።»

እኔ ማመልከቻ መጻፍ እንደማልችልበት ነግሬ እንዲጽፉልኝ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀት አመጡ። ስሜን፣ አድራሻዬን፣ የጥያቄዬን ፍሬ ነገር ጠየቁኝ፤ አንድ ቃል ሳይቸኩሉ በዚያ በሚያምር እጃቸው ጻፉልኝ፤ አንብበው አሰሙኝ፤ አስፈረሙኝ። ከዚያ ወንበራቸውን ትንሽ ዞር አደረጉና ማመልከቻዬን ራሳቸው ተቀበሉኝ። ከላይ እስከ ታች በጥሞና አነበቡት። ራሳቸው ውድቅ አደረጉት።

መልሱን ከግርጌው ጽፈው፣ ፈርመውበት ሰጡኝ። ምክንያት ከሚለው ሥር ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሕፃኗ አሁን ተኝታለች።»